ሰላም ሳይለን ሲያልፍ

(በአንድ የሰፈር አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስንት ጉዳያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ሁላችንም በየቀኑ ስለምንሠራው አንድ ሥራ ነው። ፍርድ ስለመስጠት። ችሎት ላይ የሚሰጠውን ማለቴ አይደለም። መንገድ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ምስክር ሳንጠራ ስለሰው የምንሰጠውን ነው።

አንድ የምታውቁት ሰው መንገድ ላይ ከፊት ለፊታችሁ መጣ እንበል። ለሰላምታ ተዘጋጃችሁ። እሱ ግን ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ አለፈ። በዚያች ቅጽበት ውስጣችን ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቀዋለን። "ዘጋኝ።" ቀጥሎ "ኮራ።" ቀጥሎ ደግሞ "መኪና ከገዛ ወዲህማ የት ያየናል!" ጥቂት እርምጃ ሳንሄድ የሰውየውን ጠባይ ጽፈን እንጨርሳለን። ማታ ቤት ገብተን እናወራዋለን። አንዱ "እኔም እኮ ታዝቤው ነበር" ይላል። አለቀ። ሰውየው ኩሩ ተብሎ ተመዘገበ።

ሰውየው ግን ከሐኪም ቤት እየወጣ ሊሆን ይችላል። የልጁ ውጤት መጥቶ ተናድዶ ሊሆን ይችላል። መነጽሩን ቤት ረስቶ ሊሆንም ይችላል። እነዚህን ማሰብ ከባድ ሆኖ አይደለም። ታዲያ ለምን ቀድመው አይመጡልንም? ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በሳይኮሎጂ ይህ ነገር ብዙ ተጠንቷል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። በ1967 ኤድዋርድ ጆንስ እና ቪክቶር ሃሪስ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ስለ ኩባው ፊደል ካስትሮ የተጻፉ ጽሑፎችን ሰጧቸው። አንዱ ጽሑፍ ካስትሮን ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። ከዚያ "የጸሐፊው እውነተኛ አቋም ምን ይመስላችኋል?" ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ወዶ ነው የጻፈው ለተባሉት መልሱ ቀላል ነው። የሚገርመው የሌሎቹ ነው። "ጸሐፊው ደግፈህ ጻፍ ተብሎ ታዝዞ ነው" ተብሎ በግልጽ ተነግሯቸዋል። እንዲያም ሆኖ ካስትሮን ደግፎ የጻፈውን በልቡም ደጋፊ አድርገው ገመቱት። ትእዛዙን ያውቁታል፤ ሲፈርዱ ግን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ሊ ሮስ የተባለው የስታንፎርድ ተመራማሪ ለዚህ ዝንባሌ ስም አወጣለት። "ፈንዳሜንታል አትሪቢዩሽን ኤረር" አለው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የሌላውን ሰው ሥራ ስናይ ጠባዩን አግዝፈን እናያለን፣ ያለበትን ሁኔታ ግን አሳንሰን። ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ቀላሉ ነው። ሰውየው ፊት ለፊት ይታያል። ሁኔታው አይታይም። የቤት ኪራይ ጭማሪው፣ የአለቃው ቁጣ፣ ያልተተኛበት ሌሊት ከኋላው ተከትሎት አይሄድም።

ባንክ ገብታችሁ "ሲስተም የለም" ተብላችሁ ታውቃላችሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ናት የምትሰደበው። "የእነዚህ ልጆች ነገር! ሰው ማመናጨቅ ሥራቸው ሆነ" እንላለን። መስመሩን የቆረጠችው እሷ አይደለችም። ሲስተሙ መቼ እንደሚመለስም ማንም አልነገራት። እኛ አንድ ጊዜ ሰማን። እሷ ያንኑ ቃል ከጠዋት ጀምሮ ለመጣ ሰው ሁሉ ስትደግም ነው የዋለችው፤ ከእያንዳንዱም የድርሻዋን ቁጣ ስትቀበል። ድምፅዋ ቢሻክር ይገርማል?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ስናረፍድ "ታክሲ አጣሁ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ" ነው። ሌላው ሲያረፍድ "ሰዓት የማያከብር ሰው" ነው። ለብዙ ዓመት ተመራማሪዎች ይህን ለሁሉም ነገር የሚሠራ ሕግ አድርገው ያስተምሩት ነበር። በ2006 በርትራም ማሌ 173 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር ግን ነገሩ እንደተባለው እንዳልሆነ አገኘ። በጥቅሉ ሲታይ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለክፉ ነገር ግን አለ። ለደግ ነገር ደግሞ ይገለበጣል። ማለትም ስናጠፋ ሁኔታው ነው፣ ስናለማ እኛ ነን። ለጎረቤት ግን ተቃራኒውን እናደርጋለን። ልጁ ፈተና ሲወድቅ "ሰነፍ ነው"፣ ሲያልፍ "ፈተናው ቀሎ ነው"። ይህን ስሰማ እኔ ሁልጊዜ ያመኛል፤ ልጆች ይሰማሉና።

አሁን ደግሞ በጣም የምወደውን ጥናት ልንገራችሁ። ትንሽ ልቆይበት፤ ታገሱኝ።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴ የደበደበው ሰው መንገድ ዳር ወድቋል። ካህኑ አይቶት አለፈ። ሌዋዊውም አለፈ። ሳምራዊው ግን ቁስሉን አሰረለት። በ1973 ጆን ዳርሊ እና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ተፈታኞቹ ነገ ቄስና ሰባኪ የሚሆኑ 40 ተማሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ "ሌላ ሕንፃ ሄደህ አጭር ንግግር ታደርጋለህ" ይባላል። ለግማሾቹ የተሰጠው ርዕስ ራሱ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። ለሌሎቹ ደግሞ ተማሪዎቹ ሲመረቁ ስለሚይዙት ሥራ ነው።

ልዩነቱ ሲላኩ ነው። ለአንዳንዱ "አርፍደሃል፣ እየጠበቁህ ነው፣ ቶሎ በል" ተባለ። ለአንዳንዱ "አሁን ብትሄድ በሰዓቱ ትደርሳለህ" ተባለ። ለቀሩት "ገና ጊዜ አለ፣ ግን ብትሄድም ይሻላል" ተባለ። በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ባለው ጠባብ መንገድ አንድ ሰው በር ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቷል፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ተማሪው ሲያልፍ ሰውየው ያስላል፣ ያቃስታል። ሰውየውን ያስቀመጡት ተመራማሪዎቹ ናቸው።

ማን ቆመ? ጊዜ ከነበራቸው 63 ከመቶ። በሰዓቱ ከሚደርሱት 45 ከመቶ። አርፍደሃል ከተባሉት 10 ከመቶ ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገር መሄዱ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም ስለ ደጉ ሳምራዊ ለመናገር እየተጣደፈ የወደቀውን ሰው ተራምዶ ያለፈ ተማሪ ነበር።

እስቲ አስቡት። ያንን ተማሪ እናንተ በመስኮት ብታዩት ምን ትሉ ነበር? "አስመሳይ። አፉ ሌላ፣ እጁ ሌላ።" እኔም እል ነበር። ግን ያው ልጅ 10 ደቂቃ ትርፍ ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ ከሚቆሙት ወገን የመሆን ዕድሉ ብዙ እጥፍ ይሆን ነበር። ልቡ ያው ልብ ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ደግሞ አንድ ነገር አስተውለዋል። ሳይቆሙ ካለፉት ብዙዎቹ ንግግሩ ቦታ ሲደርሱ ተረብሸው፣ ተጨንቀው ነበር። ጨካኝ ሰው አይጨነቅም። እነሱ በሚጠብቃቸው ሰውና በወደቀው ሰው መካከል ተወጥረው ነው የደረሱት።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? አዲስ አበባ ላይ "ሰው ሁሉ ጨከነ" ሲባል በየቀኑ እሰማለሁ። በድሮው ጊዜ ሰው ለሰው ያዝን ነበር ይባላል። አንድ ነገር አስቡልኝ። ከለሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ለታክሲ ተሰልፎ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሮ፣ ካረፈደ ደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው መንገድ ላይ የወደቀ ሲያይ፣ ውሳኔው በአያቱ ዘመን እርሻው ላይ ከነበረው ገበሬ ጋር እኩል ነው? ልቡ ላይ የመጣ በሽታ አድርገን ከማየታችን በፊት ጥድፊያውን እንይለት።

ይህ ፍርድ በጣም የሚጎዳው ደግሞ ሩቅ ያለውን ሰው ነው። ሩቅ ያለ ሰው ሁኔታው ጭራሽ አይታየንም። አሜሪካ ያለው ወንድም ስልክ አያነሳም። "ዶላር ሲይዝ ረሳን" ይባላል። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰብስቦ ሲደውልለት ዋሽንግተን ላይ ቀን 7 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ 6 ሰዓት። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠራ ሰው በዚያ ሰዓት ተኝቷል። ቀን የሚሠራው ደግሞ ሥራ ላይ ነው፣ ስልኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እሱም በበኩሉ እዚያ ሆኖ "የሚደውሉልኝ ለገንዘብ ብቻ ነው" ይላል። የእናቱን የመድኃኒት ወጪና የዘይቱን ዋጋ አያይም። ሁለቱም ወገን የሌላውን ጠባይ ያያል፣ ሁኔታውን አያይም። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ሲኮራረፍ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ዓረብ አገር ያለችው እህት ጉዳይ ይብሳል። ከፋላ በሚባለው አሠራር፣ እሱ ባለበት አገር፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርታቸውም ስልካቸውም የተያዘባቸው ብዙ ናቸው። "ሦስት ወር ድምፅዋን አጠፋች፣ ጥጋብ ነው" ከማለት በፊት ስልኩ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይገባል። ይህን የምለው ለሥነ ጽሑፍ ማሳመሪያ አይደለም። ድምፅዋ የጠፋው ተቸግራ ከሆነ፣ እኛ ባኮረፍንበት ወር ነው የምትጎዳው።

አንዳንዶቻችሁ "ይህ የፈረንጅ በሽታ አይደለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1984 ጆአን ሚለር የተባለች ተመራማሪ የሕንድ የማይሶር ሰዎችንና የአሜሪካ የቺካጎ ሰዎችን አወዳድራለች። አንዱ ታሪክ ስለ አንድ ጠበቃ ነው። በሞተር ሳይክል ሰው አፈናጥጦ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ጎማው ፈነዳ። የተፈናጠጠው ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ጠበቃው ሆስፒታል አድርሶት ወደ ችሎቱ ሄደ። ሰውየው ሞተ። አሜሪካውያኑ ኃላፊነት የጎደለው ሰው ነው ወደማለት ያደሉ ነበር። ሕንዶቹ ደግሞ ችሎት መድረስ ግዴታው ነበር፣ ተደናግጦም ይሆናል ወደማለት። የሁለቱ አገር ሕፃናት ግን እምብዛም አይለያዩም። ልዩነቱ የሚሰፋው ዕድሜ ሲጨምር ነው። ይህ ማለት ሰውን በጠባዩ ብቻ የመፍረድ ልማድ አብዛኛው የሚቀሰም ነው። የሚቀሰም ነገር ደግሞ መልሶ ሊስተካከል ይችላል።

እኛ ለዚህ የተሠራ ዕቃ በእጃችን አለ። ዕድር ነው። ዕድራችሁን አስቡት። አንድ አባል ቀብር ላይ ካልተገኘ ቅጣት አለው። ደንቡ ላይ ተጽፏል። ግን ታምሞ ከሆነ፣ ከከተማ ወጥቶ ከሆነ፣ ምክንያቱን ያቀርብና ይታለፋል። ዳኛው ስም ሲጠራ የቀረውን ሰው "ክፉ ነው" ብሎ አይመዘግብም። "ምክንያት አለው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ነው ቅጣቱ የሚመጣው። ሽማግሌም እንደዚሁ ነው፤ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ያንን ሥርዓት ለቀብርና ለፀብ ብቻ ማስቀመጣችን ነው የሚቆጨኝ። ለመንገድ ላይ ሰላምታም ይሠራል።

እንግዲህ ጠባይ ነው ወይስ ሁኔታ የሚለውን እንዴት እንለየው? ሃሮልድ ኬሊ የሚባል ተመራማሪ በ1967 ያቀረበው ሐሳብ እስካሁን ይጠቅመኛል። በቀላሉ ላስቀምጠው። ሌሎችም ሰዎች በዚያ ቦታ እንዲሁ ያደርጋሉ? ያ ሰው ለሌሎችም እንዲሁ ነው ወይስ ለእኔ ብቻ? ሁልጊዜ ነው ወይስ ዛሬ ብቻ? አንድ ሠራተኛ ጮኸባችሁ። ቢሮው ውስጥ ያለ ሁሉ ከጮኸ ነገሩ ቢሮው ጋ ነው። እሱ ብቻ፣ በሁሉም ሰው ላይ፣ በየቀኑ ከጮኸ፣ አዎ፣ ጠባይ ነው ማለት ትችላላችሁ። በእናንተ ላይ ብቻ ከሆነ በመካከላችሁ ያለ ነገር አለ፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይፈልጋል። ዛሬ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዛሬ አንድ ነገር ገጥሞታል።

መንገድ ላይ ሰላም ሳይለን ስላለፈው ሰው ከእነዚህ ጥያቄዎች የስንቱን መልስ እናውቃለን? አብዛኛውን ጊዜ የአንዱንም አናውቅም። ፍርዱ ግን ተሰጥቷል።

ንግግሩን ስጨርስ ጥያቄ ተነሣ። አንድ ወጣት ቆመና "መምህር፣ ይህ ለጥፋተኛ ሁሉ ሰበብ መስጠት አይሆንም?" አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለምን እንዳደረገው ማወቅና አላደረገም ማለት የተለያዩ ናቸው። ብድር ያልመለሰልህ ጓደኛህ ሥራ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅህ ብሩን አይሰርዘውም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲከፍልህ ትስማሙ ይሆናል፣ ያ ግን አንተ የምትወስነው ነው። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። የሚመታሽ፣ የሚያስፈራራሽ ሰው ካለ ስለ ሁኔታው ለመመራመር አትቀመጪ። መጀመሪያ ራስሽን አድኚ። ምርመራው በኋላ ይደርሳል፤ የሌላ ሰው ሥራም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው "ልጄ፣ የኔስ ጉዳይ ቤት ውስጥ ነው" አሉ። ምራታቸው ቡና ሲፈላ ስልኳን ትነካካለች። ቀና ብላ አታወራቸውም። "ንቃኝ ነው" አሉ። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

እንዲህ አልኳቸው። እማማ፣ ስለ ባለትዳሮች ፍራንክ ፊንቻምና ቶማስ ብራድበሪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት ነገር አለ። የተስማሙ ባልና ሚስት አንዱ ሲያጠፋ "ሥራ በዝቶበት ነው" ይላሉ፣ መልካም ሲሠራ "ድሮም ደግ ነው" ይላሉ። ያልተስማሙት ይገለብጡታል። ጥፋቱ ጠባዩ ይሆናል፣ መልካሙ ደግሞ "ምን ፈልጎ ይሆን?" ይባላል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አበባ ይዞ መምጣት እንኳ ጥርጣሬ ያመጣል። በምራትና በአማት መካከልም ይኸው ሊደርስ ይችላል ብዬ አስባለሁ። አንዴ "ትንቀኛለች" ብለው ከደመደሙ ነገ ስልኳን ትታ ብታዋራዎትም "ዛሬ ደግሞ ምን ፈለገች?" ነው የሚሉት።

ከዚያ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቅኳቸው። ከእናቷ ጋር ስትሆንስ ትነካካለች? "አላውቅም።" ምሳ ላይስ? "ኧረ ምሳ ላይ ትጫወታለች።" ቡናው መቼ ነው የሚፈላው? "ከሰዓት 9 ሰዓት አካባቢ፣ ከሥራ የምትመጣ ቀን ደግሞ ማታ 12።" ሥራዋ ምንድን ነው? ዕቃ በስልክ ትሸጣለች፤ በቴሌግራም። ደንበኞቿ የሚጽፉላት ደግሞ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ነው አሉኝ። ይህን እየተናገሩ ትንሽ ዝም አሉ።

ለልጅዎ ከመንገርዎ በፊት እሷን ይጠይቋት አልኳቸው። እንግዳ ፊት አይሁን። "ለምን ስልክ ትነካኪያለሽ?" ብለው አይጀምሩ፤ ይህ ክስ ነው፣ መልሱም መከላከያ ይሆናል። "በዚህ ሰዓት ሥራ ይበዛብሻል ወይ?" ይበሉ። ሥራ ነው ካለችዎት ጠባይዋን ለመለወጥ ዓመት ከሚታገሉ ቡናውን ጠዋት ማፍላት ይቀላል። አይደለም ካለችዎት ደግሞ ከዚያ ያለውን ያወራሉ። እማማም "ጠዋት ደግሞ እኔ ቤተ ክርስቲያን ነኝ" አሉ። እንግዲያው ስትመለሱ፣ አልኳቸው፤ ከቁርስ ጋር።